ለመርከብ ሞዴል ዴክ ዋንዛ ይሆናል? ቨርኒሹስ?

ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀድመው፦

«ሰላም ጋሼ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ባለ ሁለት ምሰሶ የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ብሪግ የሚሉትን፣ በ1፡72 ስኬል ከፕላን እየሠራሁ ነው። ቀፎው አልቋል። ዴኩ፣ ማለትም የመርከቡ ወለል ላይ ግን ቆሜያለሁ። ርዝመቱ 43 ሳንቲ ሜትር፣ ሰፊው ቦታ ላይ 12.5 ነው። ሰፈራችን ያለ የፈርኒቸር ባለሙያ ‹ዋንዛ አንጥፍበት፣ ሦስት እጅ ቨርኒሽ ምታው፣ እንደ መስታወት ያበራል› አለኝ። ከውጭ ማስመጣት አቅሜ አይፈቅድም። እዚሁ ከሚገኘው የትኛው እንጨት ይሻለኛል? በምንስ ልጨርሰው? እባክዎ ይርዱኝ።»

ሰላም ወንድሜ። ቀፎውን ጨርሰህ እዚህ መድረስህ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ቀፎው ላይ ተሰላችቶ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይሰቅለዋል። ባለሙያው የነገረህ ለቡፌና ለአልጋ ትክክለኛ ምክር ነው። ለዴክ ግን ዋንዛውም አይሆንም፣ ማብራቱም አይሆንም። ሁለቱ የማይሆኑበት ምክንያት ደግሞ አንድ ነው። ስኬል ነው።

አንተ መርከቡን 72 ጊዜ አሳንሰኸዋል፤ እንጨቱ ግን አላነሰም። ዛፉ ያበቀለው ቀዳዳና ጅማት እንዳለ ነው። ዋንዛህ ላይ 2 ሚሊ ስፋት ያለው ጠቆር ያለ መስመር ቢኖር፣ በእውነተኛው መርከብ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ሰንበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጣውላ የትም አገር የለም። የሚያየው ሰው ምኑ እንደከነከነው ላያውቅ ይችላል፣ «ቆንጆ ነው» ብሎህ ይሄዳል፤ ያየው ግን እንጨት ነው እንጂ መርከብ አይደለም። ብርሃንም ያው ነው። የሚያብረቀርቅ ዴክ ላይ የመስኮትህ ነጸብራቅ ሲወድቅ ግማሹን መርከብ ይሸፍነዋል፣ ያኔ ነገሩ አሻንጉሊት ይሆናል። ስለዚህ የምንፈልገው ፈዛዛ፣ ደቃቅ፣ ጅማቱ የማይታይ እንጨት ነው። ከላዩ የሚደረገው ደግሞ ጭራሽ የተቀባ የማይመስል።

እውነተኛው ዴክ ራሱ አያበራም ነበር። በዚያ ዘመን የጦር መርከቦች የላይኛው ወለል ብዙውን ጊዜ ከሰሜን አውሮፓ ከሚመጣ የጥድ ዘመድ ነበር የሚነጠፈው። መርከበኞቹ በጠዋት ተንበርክከው በአሸዋ ድንጋይና በባሕር ውኃ ይፈትጉታል። ጨውና ፀሐይ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ነጣ ያለ፣ ወደ አመድ የሚያደላ ቀለም ይይዛል። ቨርኒሽ ቢቀቡት ኖሮ ውኃ በነካው ቁጥር ሰው ይወድቅበታል፣ መድፍ ሲጎተትበት ደግሞ ይላጣል። ከዚያ በኋላ የመጡት ቲክ የሚባለውን እንጨት የለበሱት መርከቦች እንኳ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1869 ባሕር ላይ የወረደችው የንግድ መርከብ ካቲ ሳርክ፣ አያበሩም፤ ቲክ ዘይት ካልተቀባ ፀሐይ ላይ ብርማ ግራጫ ነው የሚሆነው። «መርከቡ የጥንት ስለሆነ ጠቆር ይበል» የሚል አስተሳሰብ ካለህ አሁኑኑ ጣለው።

ወደ ቁጥር እንግባ። የዴክ ጣውላ ስፋት በግምት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሜትር። 25 ሳንቲ ሜትሩን ለ72 ስታካፍል 3.5 ሚሊ ገደማ ይመጣል። 7 ሜትሩ 97 ሚሊ ይሆናል። ውፍረቱን 7 ሳንቲ ሜትር ብንል 1 ሚሊ ነው። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው ቁራጭ 3.5 ሚሊ ስፋት፣ 97 ሚሊ ርዝመት፣ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ነው። ከፊት እስከ ኋላ ያለ አንዳች መጋጠሚያ የተነጠፈ ዴክ ካየህ፣ ሠሪው ይቺን ማካፈል ዘሏታል ማለት ነው። ያንተን 43 ሳንቲ ሜትር በአንድ ወጥ ጣውላ ማንጠፍ እኮ 31 ሜትር የሚረዝም ጣውላ ነው!

እንጨቱን በተመለከተ ምርጫዬን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዝግባ። ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ የዕድገት ቀለበቱ ብዙም አይለይም፣ እንደ ፈረንጅ ጥድ ሙጫ የሚቋጥር ቦይም የለውም። ከኛ እንጨቶች ውስጥ ለትንሽ ስኬል ዴክ የተፈጠረ የሚመስለኝ እሱ ነው። ችግሩ አዲስ ዝግባ ፍለጋ መሄድ የለብህም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን ከዋንዛ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከክልከላው ባሻገር ደግሞ ትኩስ እንጨት ለአንተ አይጠቅምህም። የምትፈልገው ደርቆ የከረመ እንጨት ነው። የድሮ መሳቢያ፣ የተሰበረ ቁም ሳጥን ጀርባ፣ የድሮ ቤት የወለል ጣውላ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንቱ የስድሳ ሰባ ዓመት ጣውላ ማገዶ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የተረፈው ተረፈና አሁንም ምናለሽ ተራ ብትዞር ከአሮጌ በርና መስኮት መሃል ታገኛለህ።

እንዴት ትለየዋለህ? ላዩ ጠቁሮ ስለሚሆን ላዩን አትመን። ሻጩን አስፈቅደህ በቢላ ጥግ ላይ ትንሽ ላጥ አድርገው። ከሥር ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ፣ የተቆረጠው ጫፉ ላይ በዓይን የሚታይ ቀዳዳ ከሌለው፣ ሽታም ከሌለው ዝግባ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀላ ብሎ ደስ የሚል ሽታ ከሸተተህ ጽድ ነው። ምስማር እንዳለበት በማግኔት ፈትሸው፤ ማሽን ቤት ወስደህ ምላጫቸውን ብትሰብርባቸው ሁለተኛ አያስገቡህም።

ማሽን ቤት ስትሄድ የምትለውን አውቀህ ሂድ። ትልቁ መጋዝ በእያንዳንዱ መቁረጥ 3 ሚሊ ያህል ይበላል። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ቅጠል አውጡልኝ ካልክ ከግማሽ በላይ እንጨትህ ሰጋቱራ ይሆናል። ይሁን፣ ዴክህ ትንሽ ናት። ቅጠሉን ካወጡልህ በኋላ ቤትህ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፈህ ታሳሳዋለህ፣ ከዚያ በብረት ማስመሪያና በካተር 3.5 ሚሊ እያልክ ትሰነጥቃለህ። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትሞክር፤ ቀስ ብለህ አራት አምስቴ ተመላለስበት። ካተሩ ጅማቱን ተከትሎ እንዳያመልጥህ ማስመሪያው የሚቀረው ቁራጭ ላይ ይሁን።

ቀረሮ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ከአውሮፓ ለመገጣጠም ተዘጋጅተው የሚመጡ የመርከብ ሞዴሎች (ኪቶች) ውስጥ «ታንጋኒካ» የሚሉት የዴክ እንጨት አለ። እሱ የቀረሮ የቅርብ ዘመድ ነው። ሰው በዶላር የሚያስመጣው የኛን ዛፍ የአጎት ልጅ ነው ማለት ነው፣ እኔን ሁሌ ያስቀኛል። ቀረሮ ከዝግባ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም አለው፣ ወደ ሮዝ ወይ ወደ ፈዛዛ ቡና ያደላል። ጥቃቅን ቀዳዳዎችም አሉት። በ1፡72 ያልፋል፤ ከዚያ ባነሰ ስኬል ግን አልመክረውም። ስለቱን ቶሎ ስለሚያደንዝ ምላጭ በርከት አድርገህ ያዝ።

ሦስተኛው የእንጨት መሸጫ ውስጥ የለም፣ ፋርማሲ ነው ያለው። ሐኪም «አፍህን ክፈት» ብሎ ምላስህን የሚጫንባት ስስ እንጨት። 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ወደ 17 ወይ 18 ሚሊ ስፋት፣ 1.6 ሚሊ ውፍረት አላት። ብዙውን ጊዜ በርች ነው፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ የተላገ፣ የደረቀ። ላንተ 97 ሚሊ ከበቂ በላይ ነው፣ ክብ ጫፎቿን ጥለህ እንኳ። ያበጠና የጠመመውን ለይተህ ጣለው፣ ከአንድ ካርቶን ውስጥ መቼም አይጠፋም። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ ለመጀመሪያ ሥራህ ከዝግባ ፍለጋ ይልቅ ይቺን እመርጥልሃለሁ። ብቸኛ ጉድለቷ በጣም መንጣቷ ነው፤ እሱን በቀለም እናስተካክለዋለን።

ሌሎቹን በችኮላ ልለፋቸው። ወይራ ድንቅ እንጨት ነው ግን ለዴክ አይደለም፤ ጥቅጥቅና ጠንካራ ስለሆነ ገመድ የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀለበቶችና መዘውሮች ሥራበት። ጽድ ከዴኩ ወደ ታች ለሚያስገባው መውረጃ ክፈፍና ለደረጃው ጥሩ የቀለም ልዩነት ይሰጥሃል። ባህር ዛፍ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ እርሳው። ግራቪሊያ ላይ ያለው ዥንጉርጉር ለጠረጴዛ ያምራል፣ በትንሽ ስኬል ግን እንደ እባብ ቆዳ ነው የሚታየው። የፈረንጅ ጥድ ቀለበቱ ጎልቶ ይወጣል፣ ቋጠሮም ይበዛበታል። ባልሳ የሚባለው ለስላሳ እንጨት በጥፍር ሲነኩት ይሰረጎዳል። ዋንዛውን ከገዛኸው አትጣለው፤ የሞዴሉን መቆሚያ ሥራበት፣ እሱን እንደ ልብህ አብራው።

ጣውላዎቹ የሚያርፉበት ሥረኛ ወለል ኮምፔንሳቶ ይሁን። እዚህ በብዛት የምታገኘው 3 ሚሊው ነው። እሱ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ አይጎብጥም። ዴክ ግን ከጎን ወደ ጎን ትንሽ ጎበጥ ይላል ውኃ ወደ ዳር እንዲፈስ፣ ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ ይለመጣል። መሃሉን በርዝመቱ ለሁለት ቁረጠውና እያንዳንዱን ለየብቻ አስቀምጠው፣ ይታዘዝልሃል።

ማጣበቂያው የተለመደው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ግን ውኃ አለበት። ስሱ ጣውላ ኮላ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይነሳል። ስለዚህ ኮላውን በጣውላው ላይ ሳይሆን ሥረኛው ወለል ላይ ቀባ፣ በጣም ስስ አድርገህ፣ ለሁለት ለሦስት ጣውላ የሚበቃ ብቻ። ማስቲሽም ይሠራል፣ አያሳብጥም፤ ግን አንዴ ከነካ ማስተካከል የለም፣ ሽታውም ጤና አይደለም፣ መስኮት ክፈት። ሱፐር ግሉ ዴክ ላይ እንዳታደርስ። እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና የሰረገበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። ቅባት የፈሰሰበት ይመስል ነቁጥ ነቁጥ እያለ ይቀርልሃል፣ ምንም ብትፈትገው አይለቅም።

በጣውላዎቹ መካከል ያለው ጥቁር መስመር ሌላው ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው። እውነተኛው ላይ ክፍተቱ ውስጥ በሬንጅ የተነከረ ቃጫ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ የፈላ ሬንጅ ይፈስበታል። ክፍተቱን ከ6 እስከ 9 ሚሊ ብንለው ባንተ ስኬል 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ጥቁር ክር የሚያስገቡ አሉ፤ በዚህ ስኬል ክሩ በጣም ይወፍራል፣ ዴኩ የእስር ቤት ፍርግርግ ይመስላል። ላንተ የሚበቃህ እርሳስ ነው። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይ 4ቢ። ሃያ ያህል ጣውላ ጎን ለጎን በጠርዛቸው አቁመህ በሞርሳ ያዛቸው፣ ከዚያ የተደረደረውን ጠርዝ በአንድ ጊዜ አጥቁረው። አንዱን ጠርዝ ብቻ ነው እንጂ ሁለቱንም አይደለም፣ አለዚያ መስመሩ እጥፍ ይሆናል። አንደኛውን የጫፍ ቁርጥም አትርሳ።

ማርከር አትጠቀም። ቀለሙ በጅማቱ ተከትሎ ይሰርጋል፣ በተለይ በጫፉ በኩል። ይባስ ብሎ አብዛኛው ማርከር በአልኮል ስለሚሟሟ በኋላ ሼላክ ስትቀባው ተነስቶ ነጩን ዴክ ያጠቁረዋል።

አነጣጠፉ እንዲህ ነው። ከመሃል ጀምር፣ ወደ ሁለቱ ጎን እኩል እየሄድክ። መጋጠሚያዎቹ በዘፈቀደ አይሆኑም። እውነተኛው ላይ የጣውላ ጫፍ ሁሌ ተሸካሚ እንጨት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ምስማር የሚመታው እዚያ ነዋ። በአንድ ተሸካሚ ላይ ደግሞ ሁለት መጋጠሚያ ከመገናኘቱ በፊት መሃላቸው ሦስት ያልተቆረጠ ጣውላ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። 97ን ለአራት አካፍል፤ 24 ሚሊ ገደማ። የመጀመሪያው ረድፍ መጋጠሚያ ዜሮ ላይ፣ ሁለተኛው 48 ላይ፣ ሦስተኛው 24 ላይ፣ አራተኛው 72 ላይ፣ አምስተኛው ተመልሶ ዜሮ ላይ። ሥረኛው ወለል ላይ እነዚህን መስመሮች አስቀድመህ በእርሳስ አስምር፣ ሥራው ሳታስበው ይሄዳል።

ወደ ፊት ዴኩ እየጠበበ ሲመጣ ጣውላው ዳር ላይ ካለው ክፈፍ ጋር በሹሉ ይገናኛል። ሹሉን እንዲሁ አትተወው። በእውነተኛው መርከብ ሬንጅ ሲጠቀጥቁ የሳሳው ጫፍ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጫፉን የጣውላውን ስፋት ግማሽ ያህል አድርገው በድፍኑ ይቆርጡና የዳሩን ክፈፍ ፈልፍለው ያስገቡታል። ይሄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ጣውላዎቹን ራሳቸውን ማጥበብም ነበር። ፕላንህ ምን እንደሚያሳይ እየው፣ ፕላኑን ተከተል።

የእንጨት ምስማር ጭንቅላት ልሥራ ወይ ብለህ ልትጠይቀኝ ነው፣ ሁሉም ይጠይቃል። አትሥራ። የእውነተኛው ምስማር ጭንቅላት 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ባንተ ስኬል 0.4 ሚሊ ነው፣ እሱም ከጣውላው ጋር በሚመሳሰል እንጨት የተደፈነ። ከሁለት ሜትር ርቀህ ስታየው አይታይም። ሰዎች 1 ሚሊ ቀዳዳ እየበሱ በጥቁር ሲሞሉት ዴኩ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ካልሠራሁ አይሆንም ካልክ ግን በመርፌ ጫፍ ንክት አድርጎ ማለፍ ይበቃል። በ1፡48 ወይ ከዚያ በላይ ስትሠራ ያኔ ከቀርከሃ እናወጣለን፣ ስቲኪኒ እየላግን።

አሁን ስለ ወቅቱ ልናገር፣ ይሄን ማንም ስለማይነግርህ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ። አዲስ አበባ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውኃ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደርሶ ከንፈርህ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ አጥብቀህ ያነጠፍከው ዴክ ታኅሣሥ ላይ ክፍተት ያወጣል። አብዛኛው ሰው ኮላውን ይሰድባል። ኮላው ምን አደረገ? የምትሠራበት ክፍል ውስጥ የተሰነጠቁትን ጣውላዎች ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆያቸው፣ ላስቲክ ውስጥ ሳይሆን አየር እንዲያገኛቸው ክፍት አድርገህ። ከቻልክ ማንጠፉን ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ አድርገው። ከግንዱ መሃል ወደ ልጣጩ አቅጣጫ የተሰነጠቀ ጣውላ እንቅስቃሴው ከሌላው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው፣ የማሽን ቤቱን ሰው ስታናግር ይሄንን አስታውስ።

ካነጠፍክና በደንብ ከደረቀ በኋላ ዴኩን ደልድለው። እዚህ ላይ የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የእርሳሱ ጥቁር ዱቄት ነጩ እንጨት ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይገባና ዴኩ ሁሉ ያድፋል። የጢም ምላጭ አንስተህ ቀጥ አድርገህ ይዘህ ፋቀው። ስስ ስስ ፍቅፋቂ ያወጣልሃል፣ መስመሩም ጥርት ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ 320 ቁጥር በጣም ቀለል አድርገህ፣ በጅማቱ አቅጣጫ፣ ዱቄቱን ቶሎ ቶሎ በብሩሽ እያነሳህ።

ቀለም። የፋርማሲዋን በርች ከመረጥክ ሞቅ እንድትል ትፈልጋለህ። በጣም ቀጭን ሻይ ይበቃል፣ ቀዝቅዞ፣ በጨርቅ ነካ ነካ፤ ውኃው ጅማቱን ስለሚያስነሳ ሲደርቅ በምላጭ መለስ ትላለህ። ባሕር ላይ የከረመ አመዳማ ቀለም ካሻህ የብረት ሱፍ ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቀመጥና ውኃው ተጣርቶ በጣም ይቀጠናል። ይሄ ፈሳሽ እንጨቱ ውስጥ ያለውን ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲያገኝ ግራጫ ያወጣል። በርችና ዝግባ ታኒናቸው ጥቂት ስለሆነ አስቀድመህ የቀባኸው ሻይ፣ ታኒን ስላለው፣ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ተጠንቀቅ ግን፣ ካልቀጠነ ያጠቁረዋል፣ ከጠቆረ ደግሞ መመለሻ የለውም። እያንዳንዱን ጣውላ የተለያየ ቀለም የሚቀቡም አሉ። የሜዳ አህያ ነው የሚያወጡት። ከሁለት ሦስት የተለያዩ እንጨቶች የወጡ ጣውላዎችን አደባልቀህ ካነጠፍክ ልዩነቱ በራሱ በቂ ነው።

የመጨረሻው ቅብ ላይ የኔ ምርጫ ሼላክ ነው። ከትናንሽ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ እንደ ስስ ቅርፊት ሆኖ ይሸጣል፣ በአልኮል ይሟሟል። ነጣ ያለውንና ሰሙ የወጣለትን ፈልግ፤ ብርቱካናማው ዴክህን ማር ያስመስለዋል። 100 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ 10 ግራም አድርገህ አንድ ሌሊት አሳድረው። አልኮሉ ላይ ግን አደራ! ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ በየቤቱ ያለው የእጅ ማጽጃ አብዛኛው 70 በመቶ ነው፣ የቀረው ውኃ ነው። እሱ ሼላኩን ነጭ ጭጋግ ያስመስለዋል። ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ጠይቅ። በጨርቅ አንድ እጅ ቀባ፣ ይደርቅ፣ በ400 ቁጥር ነካ አድርገው፣ አንድ እጅ ድገም፣ በቃ። ሦስተኛ እጅ ካሰኘህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ማብራት ከጀመረ በደቃቅ የብረት ሱፍ ደረቁን ቀስ ብለህ አደብዝዘው።

ሼላክ ካጣህ የፈርኒቸር ቤቶቹ የሚጠቀሙበት ሲለር አለልህ። አንድ እጅ ሲለር ለሦስት እጅ ቲነር፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ 400 ቁጥር። ላዩ ላይ ምንም አትጨምር፤ ሲለሩ ብቻውን ሥራውን ጨርሷል። ቲነር ስትጠቀም መስኮት ክፍት ይሁን፣ እማማ ቡና የሚያፈሉበት ከሰል ባለበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። በውኃ የሚቀጥን ማት፣ የማያብረቀርቅ፣ ቨርኒሽ ካገኘህም ጥሩ ነው፣ ጅማቱን ስለሚያስነሳ አንዴ በምላጭ መመለስ አለብህ እንጂ።

ዘይት አልመክርህም። የተልባ ዘይት ዓመት በዓመት ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል። የቀባህበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ደግሞ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የምግብ ዘይት የሚቀቡ አይቻለሁ፤ ሱፍ ዘይት በቅጡ አይደርቅም፣ አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ሰም ደስ ይላል፣ ግን ሰም ላይ ኮላ አይዝም። ከቀባኸው መድፎቹን፣ መውረጃዎቹን፣ ሁሉንም ነገር ከተከልክ በኋላ ይሁን።

ይሄን ሁሉ መርከቡ ላይ አትሞክረው። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ አሥራ ሁለት ጣውላ አንጥፍ። እርሳሱን፣ ምላጩን፣ ሻዩን፣ ሼላኩን በቅደም ተከተል አድርግበት። በማግስቱ ጠዋት መስኮት አጠገብ አስቀምጠህ ከሁለት ሜትር እየው። እንጨቱ ዓይንህን ከሳበው አንድ ነገር በዝቷል።

መጠኑን ላስላልህና ልጨርስ። የዴኩ ጠቅላላ ስፋት፣ ፊትና ኋላው ስለሚጠብ፣ መውረጃዎቹም ስለሚቀነሱ፣ ወደ 400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አንዷ ጣውላ 3.4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ትሸፍናለች። ወደ 120 ጣውላ ነው፣ የሚበላሸውን ጨምረህ 150 በል። ከአንዷ የፋርማሲ እንጨት አራት ስለሚወጣ 40 ያህል ይበቃሃል። 100 የሚይዘውን ካርቶን ግዛ፤ የሚጠመው ይጣላል፣ ለሙከራውም ይሆንሃል። ፕላኑ ላይ የፊተኛው ክፈፍ ግልጽ ካልሆነልህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እዚያ ቦታ ላይ ከመቁረጥህ በፊት አብረን ብናየው ይሻላል።